ሁለተኛው ገንዳ

በሺር ከሁለተኛው ገንዳ የመጨረሻዋን የሞተች ቆሮሶ በመረብ ያወጣና ከሌሎቹ ዓሦች ጎን ያሰልፋታል። «ሠላሳ ሦስት» ይላል።

ዶክተር ሩቲ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ከአንደኛው ገንዳ የሞቱት ሠላሳ አንድ ናቸው። በየገንዳው መቶ መቶ ዓሣ ነበር፤ የአንደኛው ዓሦች ክትባት ተወግተዋል፣ የሁለተኛው የጨው ውሃ ብቻ፤ ከዚያ ሁለቱም ውስጥ ዓሣ ፈጁ ቫይረስ ተጨመረ። ክትባቱ ቢሠራ ኖሮ አንደኛው ተርፎ ሁለተኛው ባለቀ ነበር።

«ልዩነት የለውም» ትላለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጋሽ በሺር። ልፋቴ ሁሉ መና ቀረ። ነገ አዲስ አበባ ደውዬ አይሠራም እላቸዋለሁ። በቃ፣ ይዘጉታል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ቁጥሩ ለምን እንደተቀራረበ በሺር ያውቃል። ቦርከና ወንዝ ዳር ያለችው ይህች የዓሣ ምርምር ጣቢያ ከመከፈቷ በፊት ሃያ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲቀጥል ኖሯል። እጁ አይንቀጠቀጥም ብላ መርፌ ያስተማረችው ራሷ ሩቲ ናት። «ከቫይረሱ ዲኤንኤ የተቆረጠች ቁራጭ ናት» ብላው ነበር ያኔ። «የዓሣው ሥጋ እሷን አንብቦ ጠላቱን አስቀድሞ ያውቀዋል።» ይህን ነገር በጣም ወዶት ነበር።

ዝም ቢል ከአላህ በቀር ማን ያውቃል? ግን የሩቲን ያዘነ ፊት ማየት ያቅተዋል።

«ይሠራል፣ ዶክተር።»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። አጎትሽ ሞቶ ደሴ ለቅሶ የሄድሽ ዕለት፣ ‹ይውጓቸው› ብለሽ ሁለቱን ጠርሙስ ትተሽልኝ አልነበር? መድኃኒቱን ለሁለት ከፈልኩት። የጎደለውን በጨው ውሃ ሞላሁና ለሁለቱም ገንዳ እኩል ሰጠሁ። ወላሂ፣ ክፋት አላሰብኩም።»

ሩቲ ደብተሯን ትከድናለች።

«ለምን?»

«ወረባቦ ሳለን የኩፍኝ ክትባት መጣ ተብሎ ተሰለፍን። ልጄ ኩኩ ጋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር አለቀ አሉን። በወሩ ቀበርኳት። ከዚያ ወዲህ አንዱን የእናት ልጅ፣ አንዱን የእንጀራ ልጅ ማድረግ አልሆንልህ አለኝ።»

ሩቲ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ትላለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እያሰላች ነው። «ባይከተቡ ከመቶው ዘጠናው ይሞት ነበር። በግማሹ እንኳ ሰባ ያህል ተርፏል። ይሠራል እኮ!» ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ ግን አይቆይም። «ማን ያምነኛል? የማወዳድርበት ያልተከተበ ገንዳ የለኝ። ቫይረሱ ደክሞ ነው ይሉኛል። እንዳልደግመው መድኃኒቱ አልቋል።»

«አጥፍቻለሁ። ያሻሽን ቅጪኝ።»

«እርስዎን ምን ብዬ ልቅጣዎት» ትላለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ቢያንስ እነዚህ ተርፈዋል» ይላል፣ ለእሷም ለራሱም መጽናኛ ሲፈልግ።

ሩቲ ቀና ብላ ታየዋለች። ሊነገረው የሚገባ ነገር እስካሁን እንዳልተነገረው ገና አሁን ይገባታል።

«ጋሽ በሺር፣ የተረፉትም ቫይረሱ አለባቸው። ወንዙ ደግሞ አጠገባችን ነው። ዛሬውኑ መሞት አለባቸው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።»

በሺር ወደ ገንዳው ያጎነብሳል። ጥላውን ያዩት ዓሦች ምግብ መጣልን ብለው አፋቸውን እየከፈቱ ወደ ላይ ይወጣሉ።

ሩቲ ከመደርደሪያው ዓሦቹን አደንዝዞ የሚገድለውን የቅርንፉድ ዘይት ታወርዳለች። ክዳኑን ይዛ ትቆማለች እንጂ አትከፍተውም። «አምጪው» ይላታል። ሲከፍተው ክፍሉ ሻይ ሻይ ይሸታል።

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳል። ዘይቱ እኩል ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ በዓይኑ ፈልጎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይይዘዋል። ከዚያ ዘይቱ ጥፍሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ፣ ቀስ ብሎ፣ አንደኛው ገንዳ ላይ ያፈስሳል።