ባለ መሰላሉ ሰውዬ

ሱሚኖ ጉልበቷ ከዳት እንጂ ጆሮዋ ገና የኮረዳ ነው። መሰላል የተጫነባት ነጭ መኪና ከድልድዩ ማዶ ስትንገጫገጭ ከቤቷ ሆና ትሰማታለች። የሰማች እንደሆነ ማንኪያዋን ጥላ መስኮቱ ላይ ትለጠፋለች።

የመኪናዋ ባለቤት ጣራ ጠጋኝ ነኝ ባይ ነው። የሚያንኳኳው የአሮጊት በር ብቻ ነው። "እማማ፣ ከመንገድ ሳይ የጣራዎ ክዳን ተነሥቷል" ይላል። ይወጣል፣ ደህናውን ክዳን ይሰብራል፣ ወርዶም ቤቱ ሊበሰብስ ነው ይላል። ወንዝ ዳር ያለችው ባልቴት "እኔ እኮ ማኅተሜን አንዴ ብቻ ነው ያሳረፍኩት" እያለች እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። በእነ ሱሚኖ አገር ፊርማ ማለት ማኅተም ነው። ማኅተምሽ ያረፈበት ወረቀት ቤትሽን ይዞት ይሄዳል።

ሱሚኖ ለራሷ አትፈራም፣ ቤቱ በልጇ ስም ነው። የምትፈራው ለጎረቤቷ ለኪኩኖ ነው። ኪኩኖ አልወለደችም፣ ባሏም ሞቷል፣ ቤቷና ሰፊው ጓሮዋ ግን መንገድ ዳር ነው፤ ስንቱ ይመኘዋል። ደግሞ የዋህ ናት። አንዱ ሻጭ እግር የሚያሞቅ ካልሲ ነው ብሎ አስታቅፏት ሄደ፤ ለካ ካልሲው ራሱ ምድጃ ላይ ካልሞቀ አያሞቅም።

ደግነቱ ሙቀቱ በረድ ሲል የባሏ የእህት ልጅ ቴትሱጂ ከከተማ መጥቶ አብሯት ይኖር ጀመር። እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ። አክስቱን አንቱ እንጂ አንቺ ብሎ አያውቅም። ገበያ ይሸከምላታል። የበሩን ቁልፍ ቀየረላት። አጭበርባሪ እንዳይደውልባት ስልኩን ወደ ራሱ ክፍል ወሰደው። ጓሮዋንም አጽድቶ አጽድቶ፣ በዚህ ብርድ የሱሚኖ ማድ ቤት እንኳ ፀሐይ ይገባው ጀመር፤ ልብሷም ቶሎ ይደርቅላታል።

በቀደም ቴትሱጂ በአጥሩ በር ብቅ አለ።

"እማማ ሱሚኖ፣ አክስቴ ማኅተማቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ነግረውዎት ያውቃሉ?"

"ለእኔ? እሷ ጥርሷን የምታስቀምጥበትን እንኳ አትናገርም።"

"ያ ባለ መሰላል እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ነው። ባገኘው ባንክ አስቀምጬላቸው እፎይ እል ነበር።"

"ተባረክ። እሷስ ምነው ጠፋች? ዘንድሮ ካኪዋንም አልሰቀለችም።"

ካኪ ቀይ ጣፋጭ ፍሬ ነው። ኪኩኖ ብርድ በመጣ ቁጥር እየላጠች ከጣራዋ ጠርዝ እንደ ቋንጣ ታንጠለጥለው ነበር።

"ጣታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ነው። ብርድ እንዳይመታቸው ብዬም አላስወጣኋቸውም።"

"አታስወጣት። በሩንም ቆልፍ።"

"እቆልፋለሁ፣ እማማ።"

ከዋናው ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚከበረው የትንሹ አዲስ ዓመት ማለዳ በረዶው ሜዳውን ሸፍኖታል። ሱሚኖ የዕለቱን የሩዝና የቀይ አደንጓሬ ገንፎ ስታማስል ነጯ መኪና ድልድዩን ተሻገረች። መጣች፣ መጣችና ኪኩኖ ደጅ ላይ ስትደርስ ሞተሯ ጠፋ።

ሱሚኖ የሟች ባሏን ቦቲ እግሯ ላይ ሰክታ፣ የበረዶ አካፋ ታጥቃ ወጣች። ገና አጥሩን ሳትደርስ ከኪኩኖ ግቢ መጥረቢያ እንጨት ላይ ሲያርፍ ሰማች። ከዚያ የወንድ ድምፅ፦

"ትሰጫለሽ ወይስ አትሰጪም? ካልሰጠሽ እቆርጥሻለሁ።"

ቀጥሎ ቀጭን የሴት ድምፅ፦

"እሰጣለሁ፣ እሰጣለሁ።"

የሱሚኖ እግር በረዶው ላይ ተተከለ። ወደ መኪናዋ ዞር ብላ ብታይ ባለ መሰላሉ ሰውዬ ከነቆቡ ውስጥ ተቀምጦ ሩዝ ይጎርሳል። አካፋዋን ስትነቀንቅበት ጉንጩ እንደተነፋ መኪናዋን አስነሥቶ ፈረጠጠ።

ታዲያ ማነው የሚጮኸው? ጆሮዋን አጥሩ ላይ ለጠፈች። ቴትሱጂ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሳቋ ያመለጣት። ዛሬ እኮ ፍሬ ዛፍ የሚገሠጽበት ቀን ነው። አንዱ መጥረቢያ ይዞ ዛፉን ያስፈራራል፣ ሌላው ከግንዱ ኋላ ተደብቆ በዛፉ ምትክ ይለምናል፣ ዛፉም ደንግጦ ለከርሞ ያፈራል። የሱሚኖ ባል በሕይወቱ ሳለ እየፎከረ ይመጣል፣ እሷም ከግንዱ ኋላ ሆና በሳቅ እየፈረሰች "እሰጣለሁ" ትላለች። የኪኩኖ ባልም እንዲሁ ነበር፤ በየዓመቱ ከዚሁ አጥር ማዶ ይሰማል። ደግሞስ ቴትሱጂ አክስቱን አንቺ ይላል? ዛፍን ግን ማን አንቱ ይለዋል?

"እስቲ አሁንም" አለ ቴትሱጂ። መጥረቢያው አረፈ። "ትሰጫለሽ?"

"እሰጣለሁ፣ ልጄ፣ እሰጣለሁ።"

ኪኩኖ ድምፅዋን እንዴት ነው የምታንቀጠቅጠው፤ ለቲያትር የተፈጠረች ሴት።

ሱሚኖ በአጥሩ ላይ ድምፅዋን ለቀቀችው። "ጠበቅ አድርግባት፣ ቴትሱጂ። አምና ሰስታለች።"

ቴትሱጂ ከማዶ፣ "እሺ፣ እማማ" አለ።

"የከተማ ልጅ ይሄን ማን አስተማረህ?"

"አክስቴ ናቸው።"

"ጎሽ። ስትጨርሱ ገንፎ ብሉ።"

አካፋዋን እየጎተተች ቤቷ ገባች። ስትስቅ እንባዋ ወርዶ ነበር። ገንፎው ሊያር ደርሷል፣ እሳቱ ደግሞ ሊጠፋ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማዳን በግራ እጇ እያማሰለች በቀኟ ከምድጃው ጎን ከተከመረው ፍልጥ አንዱን አነሣች።

ማማሰሉን ተወችው።

ፍልጡ ቴትሱጂ በመከር የኪኩኖን ብቸኛ የፍሬ ዛፍ፣ ካኪውን፣ ከሥሩ ቆርጦ፣ ለማገዶ ይሁንዎት ብሎ ያመጣላት ነው።