የተጠቀለለው እጅጌ

ከቡሳን ዓሣ ገበያ ጀርባ ባለው የክትባት አዳራሽ ውስጥ፣ መበለቷ ኦክቡን ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ እጅጌውን የጠቀለለ ሽማግሌ አየች። ጉዋክ ነበር፤ “ክትባቱ መርዝ ነው፣ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ ይበቃል” እያለ ባሏን አሳምኖ ለሞት የዳረገው ጎረቤቷ።

“ስንተኛ ክትባትዎ ነው፣ አባት?” አለችው ነርሷ።

“ሦስተኛዬ” አለ በሹክሹክታ።

ኦክቡን የተራቆተ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰውዬ፣ “ድምፅህን ከፍ አድርግ! ሰፈርተኛው ሁሉ ይስማህ” አለችው።

“ልጄ፣ እባክሽ አታዋርጂኝ። ፈርቼ እኮ ነው።”

“ባሌም ፈርቶ ነበር። አንተን አምኖ ሳይከተብ ቀረ እንጂ!” ባርኔጣውን መንጭቃ ወረወረችው።

ከሰልፉ መሃል፣ በዚያው ወሬ ልጇን የቀበረች ጎረቤታቸው ወጥታ ቀስ እያለች ተጠጋች። ኦክቡን ክንዱን እንደጨበጠች ፈቀቅ አለችላት።

“ስንተኛህ እንደሆነ ለእሷም ንገራት።”