የመጀመሪያው ኩባያ

የጤና ተቆጣጣሪው የእትዬ ሻሚን ወተት ቦይ ውስጥ ሲደፋው፣ የመቱ ገበያ ከነአህያው ቀጥ አለ። ጩኸታቸው ጎሬን አልፎ የሶርን ፏፏቴ ዝም የሚያሰኝ ነበር። "የኔን ወተት! የሁሩሙ ሕፃን ሁሉ ያደገበትን! ሙት የሚያስነሳውን!"

"እትዬ፣ እስቲ ራስዎ ያሽትቱት" አለና ባዶውን ጀሪካን አስጠጋላቸው።

አሸተቱ። ከወይራው ጭስ ስር የአረም መድኃኒት ሸተታቸው። የወተት ቅላቸው ትናንት ቢሰነጠቅባቸው፣ ከቡናው ማሳ ያነሱት ጀሪካን ነበር። ምራታቸው "ኧረ ይቅርብዎ" ብትላቸው፣ "እኔ በወይራ ያጠንኩትን ሰይጣንም አይደፍረው!" ብለው ስቀውባታል።

"ከዚህ የጠጣ ሰው አለ?" አለ ተቆጣጣሪው።

እጃቸው ጀሪካኑ ላይ ወደታሰረችው ኩባያ ሄደ። ከገበያ በፊት የመጀመሪያው ኩባያ ሁልጊዜ የቤት ሕፃን ነው፤ አለዚያ በረከቱ ይሸሻል። ጠዋት የልጅ ልጃቸው ሩዋይዳ ግጥም አድርጋ ጠጥታ ወዲያው ተኛች። "የኔ ወተት እንዲህ ነው፤ ገና በጠዋቱ ያስተኛል!" እያሉ ነበር መንገዱን ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው ሲያወሩ የመጡት።

"ልጄ..." አሉ። ያ ገበያ ያቆመ ድምፅ አጠገባቸው ለቆመው ሰው እንኳ አልተሰማም።