ግማሽ ሳህን ሾርባ

በቤተ ሙከራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «የአይጦች እናት» ነው የሚሏት። እናትነቷ ግን እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ብቻ ነው። ስድስት ቡድን አይጦች አሏት። ጠዋት ለሦስቱ ቡድን የባህል ሐኪሞች ለወፍ በሽታ የሚያጠጡትን የዱር ቅጠል ጨምቃ፣ መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ትግታቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ለስድስቱም ጉበት የሚበላ መርዝ ትሰጣለች። በመጨረሻው ቀን አንገታቸውን ሰብራ፣ ሆዳቸውን ሰንጥቃ፣ ጉበታቸውን ትመዝናለች።

ቅጠሉን የጠጡት ጉበታቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። አለቃዋ ዶክተሩ ደስ አለው። «አያቶቻችን ዝም ብለው አልጠጡትም» አለ።

ቤቷ ስትገባ ደግሞ ተራው የእሷ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መጠጥ መንጃ ፈቃዱን ካስቀማው ወዲህ ሥራው እሷን መደብደብ ሆነ። አምና ሁለት ጥርሷን አወለቀ፤ ዘንድሮ ግራ ክንዷን ሰበረ። ለዶክተሩ «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለችው። ዶክተሩም የስንት ፎቅ ደረጃ እንደሆነ አልጠየቀም።

ሰውዬው ፈሪም ነበር። ሚስቱ ከመርዝ ጋር እንደምትውል ከሰማ ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣ፤ ካቀረበችው ሁሉ ግማሹን እሷ ፊቱ ቁጭ ብላ ካልበላች አይነካውም።

«አንቺ ቅደሚ» ይላታል የሾርባውን ሳህን ገፋ አድርጎ። «ዋጪው። አፍሽን ክፈቺ።»

ምላሷን ሳይቀር አስነስቶ ያያል፤ ከዚያ ይበላል። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ከጎን ሆነው ይመለከታሉ።

«ልጄ አላመነሽም፤ እኔም አላምንሽም» ይሏታል፤ እሳቸው የሚበሉት ራሳቸው የገዙትን ዳቦ ብቻ ነው። እሳት የላሱ ሴት ናቸው።

አንድ እሑድ በቀበቶው አንገቷን አንቆ ራሷን እስክትስት አልለቀቃትም። ስትነቃ «በሚቀጥለው አትነቂም» አላት። እንደሚገድላት ያን ቀን ገባት፤ ከልቧ ፈራች። ሰንበሯን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። «የባልና ሚስት ጠብ ነው፤ ታረቁ» ብለው ሸኟት።

ሁለት ወር ሳይሞላ የባሏ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሆዱ ተነፋ፤ ደም አስታወከ። ከአልጋው ሆኖ በጠርሙስ ቢወረውራትም እጁ ዝሎ ስለነበር ጠርሙሱ ግድግዳውን መታ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

አስከሬኑ ሳይነሳ አማቷ ጸጉሯን ጨምድደው ከግድግዳ ጋር አጋጯት። «እንደ አይጦቿ ገደለችው» እያሉ ጮኹ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ያኔ ያልመጣው ፖሊስ አሁን በሁለት መኪና መጣ። መርማሪው ሦስት ቀን አሰራት። በጥፊ እየመታ ነበር የሚጠይቃት።

«ምግቡን ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔ።»

«ማን ማን ይበላዋል?»

«ሁለታችን። ከአንድ ሳህን፤ መጀመሪያ እኔ።»

አላመናትም፤ አማቷን አስጠራ። አሮጊቷ ክፉ ቢሆኑም ውሸታም አልነበሩም።

«እሷ ግማሹን ሳትበላ ልጄ አንድ ማንኪያ ቀምሶ አያውቅም» አሉ። «ከእሷ እጅ ካልሆነ ከመጠጡ በቀር ምንም አይቀምስም ነበር።»

መርማሪው ደሟን አስመረመረ። ሐኪሙ «ጉበቷ እንደ ሕፃን ጉበት ነው» ብሎ ጻፈ። ሁለት ሰው እኩል በልቶ አንዱ ብቻ በመርዝ አይሞትም። መርማሪው ፋይሉን ዘጋ።

«መጠጡ ነው የበላው» አለ፤ አፈር ብሎ ይቅርታም ጠየቃት። በሩን ራሱ ከፈተላት።

ሰኞ ሥራ ገባች። የስድስቱን ቡድን ውጤት ለዶክተሩ አስረከበች። ከዚያ ለራሷ ብቻ የምትይዘውን ደብተር አውጥታ እንዲህ ጻፈች፦

«ሰባተኛ ቡድን። ብዛት፦ ሁለት። መርዙን እኩል በሉ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን የጠጣችው ዳነች።»