የኋላ ወንበር

«በየማታው በቴሌቪዥን እናይሃለን እኮ! አገሩ ሁሉ ኮርቶብሃል» አሉ አባ ይመር፣ ከገጠር መጥተው የወረዳቸውን የምክር ቤት ተወካይ እጅ እንደጨበጡ።

የተወካዩ ፊት በራ። ስለ ወንዙ ድልድይ የጠየቀው በመጨረሻ ዜና ሆነ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት የአባ ይመር ምራት ምጥ ይዟት፣ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሎ ከነልጇ ሞታለች። ይኸው ደግሞ ሰኔ ገባ።

«ታዲያ ስለ ድልድዩ የተናገርኩትን እንዴት አገኛችሁት?»

«የምን ድልድይ? እኛ አፍህን ከፍተህ ያየንህ ስታዛጋ ብቻ ነው።»

ተወካዩ ኩምሽሽ አለ። ለካ ካሜራው የሚመጣው ከፊቱ ለሚቀመጠው፣ ሚኒስትር በመጣ ቁጥር ጠረጴዛ እየደበደበ ለሚሟገተው ሌላ ተወካይ ነው፤ እሱ የሚታየው ከሰውዬው ኋላ ስለሚቀመጥ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ግን አመስግኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በትሕትና ነው የሚናገረው። በትሕትና የተነገረውን ደግሞ ዜና ክፍሉ ቆርጦ ይጥለዋል። ይህንኑ አንድም ሳይደብቅ አስረዳቸው።

«እና ምን ላድርግ አባባ? እኔ መናገሩን እናገራለሁ፤ አገር የሚሰማው እሱን ነው።»

አባ ይመር ከልባቸው አዘኑለት። ጥቂት አሰብ አደረጉና፣

«ከፊትህ ነው የሚቀመጠው አላልክም፣ ልጄ? እንግዲያው ትከሻውን ነካ አድርገህ ስለ ድልድያችን ንገርልን» አሉት።