አንዱ መብራት

የቆዳ ፋብሪካው ሠራተኞች ቤት በር ላይ ድሮ ሦስት መብራት ነበር፤ አንዱ ለሠራተኛው ደህንነት፣ አንዱ ለቆዳው ጥራት፣ አንዱ ለወንዙ ንጽሕና። ከሦስቱ አንዱ ቀይ ከበራ ሠራተኛው ለሥራ አይወጣም። ዘንድሮ ግን ሦስቱ ተደምረው አንድ መብራት ሆኑ፤ ድምሩ ደህና ከሆነ አረንጓዴ ይበራል። ሐሳቡን ያመጣችው ዋናው ቢሮ የምትሠራው ርብቃ ናት።

እሁድ ጠዋት፣ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ወንድይፍራው ቤት ሄደች። እሱ ቆዳ መንከሪያው ክፍል ነው የሚሠራው። የበሩ መብራት አረንጓዴ መሆኑን አይታ ደስ ብሏት ገባች።

ገና ከእሳት የወረደ ሻይ ቀዳና ብርጭቆውን በመዳፉ ሙሉ ጨብጦ ሰጣት። ተቀብላ ሳትጨርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቷን ለበለባት።

«ጋሼ፣ አያቃጥልህም እንዴ?»

«ኬሚካሉ እጄን አደንዝዞታል። ካመለከትኩ አራት ወር አለፈኝ።» የበሩን መብራት በአገጩ ጠቆማት። «ወንዙ ጠርቷል፣ ቆዳውም አንደኛ ወጥቷል። ከነሱ ጋር ሲደመር የኔ እጅ የት ይታያል?»

ርብቃ ዞራ አረንጓዴውን መብራት አየች።

«ቢሮ ስትገቢ እስቲ ጠይቂልኝ፤ ይኼን አንድ መብራት ያመጣው ማነው?»

«እጠይቅልሃለሁ» አለችው፣ የተለበለበ ጣቷን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ።