የናጅዋ አስተጣጠፍ

ረዲ እሑድ ማታ ከወልድያ ከተመለሰ ጀምሮ መቀመጥ አቃተው። ከበሩ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«አረ ተቀመጥ፣ ራሴን አዞርከው እኮ!» አለችው ሚስቱ መሪማ።

«ተሰርቀናል።»

«ምን ተወሰደ?»

«የናጅዋ አስተጣጠፍ።»

መሪማ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እሱ ግን አልሳቀም።

ረዲ በወጣትነቱ ብስክሌት ይወዳደር ነበር። አሁን መርሳ ላይ የስኬትቦርድ ቡድን ያሰለጥናል። ሐሳቡ የመጣለት አንድ ቀን ስልኩ ላይ ሰዎች በበረዶ ተራራ ላይ በየሰሌዳቸው ቆመው ቁልቁል ሲምዘገዘጉ አይቶ ነው። መርሳ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ በረዶ የሚታየው ክረምት ላይ ከዝናቡ ጋር ሲወርድ ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ግን ሞልቷል። ስለዚህ ለልጆቹ ባለጎማ ሰሌዳ አስመጣና አስፋልት ላይ አወጣቸው።

ከሁሉም ናጅዋ በለጠች። ሌሎቹ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ እየጎተቱ ፍጥነት ሲቀንሱ፣ እሷ አትቀንስም። ጣቷ መሬት እስኪነካ ዝቅ ትልና ከእግሯ በፊት ትከሻዋን ታዞራለች። የበረዶዎቹን ሰዎች እያየች፣ ስንት ጊዜ ክርኗ እየተላጠ የለመደችው ነው። በአካባቢው ይህን የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። ረዲም መኪና ሳይበዛ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሰው በማያይበት መንገድ ላይ ነበር የሚያለማምዳት።

«ሻምፒዮን ማለት ሌላው የሌለው ነገር ያለው ሰው ነው» ይላት ነበር ሁልጊዜ። «ያንን ነገር እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ።»

ናጅዋ የሰሌዳዋን ጎማ እያሽከረከረች ትሰማዋለች። ባለፈው ዓመት ውድድሩን ስታሸንፍ እንኳ ሜዳሊያዋን አጥልቃ አስፋልት ዳር ቁጭ ብላ ስታዛጋ ነው ያገኛት። ምን እንደሆነች ሲጠይቃት፣ «ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ማንም የለም» አለችው። ረዲ ኩራት ነው ብሎ ደስ አለው።

በዚያ እሑድ ለመጪው ውድድር መንገዱን ሊያይ ወልድያ ሄዶ ነበር። እዚያ ያየው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳው። የወልድያው አሰልጣኝ የካሕሱ ቡድን ልምምድ ላይ ነበር። ሮዛ የምትባለው፣ አምና ከመጨረሻዎቹ ጋር የገባችው ልጅ፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዝቅ አለች፤ ጣቷ መሬት ነካ፤ ትከሻዋ ከእግሯ በፊት ዞረ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ ሙጃሂድ ተንበርክኮ ነበር። የረዲ ሙጃሂድ! የመርሳን ቡድን ሰሌዳዎች የሚጠግነው፣ የናጅዋን ልምምድ በስልኩ የሚቀርጸው ሙጃሂድ፣ የሮዛን ጎማ እያጠበቀ ነበር። ረዲን ሲያይ ክው አለ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ረዲ ሰላምታም አልሰጠው።

«ቪዲዮውን ለማን ሰጠህ?»

«ለማንም አልሰጠሁም አሰልጣኝ።»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ፣ ለማንም አልሰጠሁም።»

«እሺ፣ ማን እንዳስተማራት አላውቅም ብለህ ማል።»

ሙጃሂድ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አልማለም።

ናጅዋ ከሻሿ በላይ ሄልሜቷን እያሰረች ነበር። «ይተዉት አሰልጣኝ» አለች። «እሱ አልበደለም። ደግሞስ ብትችለው ምን ይሆናል?»

«አንቺ የዋህ ነሽ!» አላት ረዲ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅረጽ ከለከለ። የልምምዱን ቦታም ቀየረ። ቅዳሜና እሑድም እንዲሠሩ ፈልጎ ነበር፤ ናጅዋ ግን፣ «እሱስ አይሆንልኝም፣ አክስቴ ነሲባ ጋ ወልድያ ነኝ፤ ሱቋን የሚያግዛት የለም» አለችው። ለዘመድ የምታስብ ልጅ ናት ብሎ ተዋት። ዓይኑን ከሙጃሂድ ላይ አላነሳም። ልጁ ስልኩ ሲጠራ ዘወር ብሎ ሲያወራ፣ ረዲ ጆሮውን ቀስሮ ይጠጋው ነበር።

የውድድሩ ቀን ወልድያ በሰው ተጨናነቀች። መንገዱ ተዘግቶ ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆመ። ረዲ መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓቱን ይዞ ይቁነጠነጣል።

ሁለቱ ልጆች ከመጨረሻው መታጠፊያ እኩል ወጡ። እኩል ዝቅ አሉ፣ እኩል ዞሩ። ከሩቅ ላያቸው አንዲት ልጅና ጥላዋ ይመስሉ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ። ሮዛ በግማሽ ሰሌዳ ቀድማ ገባች።

ረዲ ሰዓቱን አየ። ናጅዋ በሕይወቷ እንዲህ ፈጥና ወርዳ አታውቅም። ግን ያ በዚያች ሰዓት ምን ያደርግለታል? ሰዎቹን እየገፈተረ ሄዶ ሙጃሂድን አንገትጌው ላይ ያዘው።

«ደስ አለህ? ልጅቷን አሳልፈህ ሰጠሃት!»

«አሰልጣኝ፣ ይስሙኝ…»

ካሕሱ መሃላቸው ገባ። «አረ በሕግ ረዲ! ልጁ ምን አደረገህ?»

«አንተው ንገረኝ እንግዲህ! ሮዛን ይህን ማን አስተማራት?»

«እኔስ መቼ ገባኝ?» አለ ካሕሱ። «ከክረምቱ ወዲህ እንዲህ ሆና መጣች። እኔ እንኳን ላስተምራት፣ እንዴት እንደሚሠራም አላውቀው።»

ረዲ የሙጃሂድን አንገትጌ እንደያዘ ቀረ።

«አሰልጣኝ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁለቱም አሰልጣኞች ዞሩ። ሮዛ ሄልሜቷን ወርውራ እየሮጠች ነበር። ካሕሱ እጁን ዘረጋላት፤ አልፋው ሄደች። ረዲንም አልፋ ሄደች። አስፋልቱ ዳር ቆማ እንባዋ እስኪፈስ የምትስቀው ናጅዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አሰልጣኝ፣ አየሽኝ?»